በውሰት ለናሳ የተሰጠው የአየር ኃይል ኢንጂነር

የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ዘመድ ሲመጣ፣ ሻንጣው ተከፍቶ ስጦታው ከታደለ በኋላ፣ ፓስፖርቱን ተቀበሉትና ወደ ኋላ ገጾቹ ግለጡ። በ2007 በወጣው ዲዛይን የታተመ ከሆነ በየገጾቹ ላይ አባባሎች አሉ። ሊንከን አለ፣ ኬኔዲ አለ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ አለ። ወደ ማብቂያው ላይ ብዙዎቻችን ሰምተነው የማናውቅ ስም ይመጣል፦ ኤሊሰን ኦኒዙካ። እያንዳንዱ ትውልድ ካለፈው ትውልድ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆኖ አዳዲስ ዓለማትን ማየት አለበት፣ ለዚህም የሰውን አእምሮ ነፃ የማውጣት ግዴታ አለበት ይላል ሐሳቡ።

ሰውየው ፕሬዚዳንትም ሰባኪም አልነበረም። የአሜሪካ አየር ኃይል ኢንጂነር ነበር። ሁለት ጊዜ በመንኮራኩር ተነስቷል። መጀመሪያ የተነሳበት ጉዞ እስከዛሬ ዝርዝሩ ያልወጣ ወታደራዊ ምስጢር ነው። ሁለተኛው ዓለም በቴሌቪዥን ያየው የቻሌንጀር አደጋ ነው። በሁለቱ መካከል አንድ የጎማ ቀለበት አለ። ወደሱ እንደርሳለን። (ዓመቶቹን፣ ወራቱንና ቀኖቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ግን አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። “የአየር ኃይል ሰው ጠፈርተኛ ሆነ” ሲባል ሁላችንም አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ተዋጊ ጀት አብራሪ ነው። መነጽሩን ያደረገ፣ ሄልሜቱን በብብቱ የያዘ። ኦኒዙካ እንዲህ አልነበረም። ከ1,700 ሰዓት በላይ በረራ ቢኖረውም ሥራው መሪውን መያዝ ሳይሆን የሚበረው ነገር በትክክል መሥራቱን መመርመር ነበር። አየር ኃይል ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሰው የበረራ ሙከራ ኢንጂነር ይባላል።

ከቡና ማሳ እስከ ኤድዋርድስ

ኦኒዙካ በ1946 የተወለደው ሃዋይ ውስጥ ነው፤ ኮና በሚባለው አካባቢ፣ ኬአላኬኩዋ በምትባል ትንሽ ከተማ። አያቶቹ ከጃፓን የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ኮና የቡና አገር ነው። በሱ ልጅነት ዘመን የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ረጅሙን ዕረፍት የሚሰጡት እንደሌላው አሜሪካ ሳይሆን ቡና በሚለቀምበት ወራት ነበር። ልጆቹ ማሳ ላይ ስለሚፈለጉ ነው። ይህን የጅማ ወይም የይርጋጨፌ ልጅ ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ቡናውም ቢሆን አራቢካ ነው፤ ዘሩ ወደ ኋላ ቢቆጠር የሚደርሰው እኛው ጫካ ነው።

ሃዋይ የአሜሪካ ግዛት የሆነችው በ1959 ነው። ልጁ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን በ1964 ጨርሶ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የአየርና የጠፈር ምህንድስና አጠና። የመጀመሪያ ዲግሪውን በሰኔ 1969፣ ማስተርሱን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ያዘ። ስድስት ወር ነው ልዩነቱ። መቼ ተኝቶ ነው?

ጎን ለጎን ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበረው። በአሜሪካ አንድ ሰው መኮንን ለመሆን የግድ ጦር አካዳሚ መግባት የለበትም። መደበኛ ዩኒቨርሲቲ እየተማረ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ወታደራዊ ሥልጠና የሚወስድበት ፕሮግራም አለ። ሲመረቅ ዲግሪውንም የመኮንንነት ማዕረጉንም ይቀበላል። በምትኩ የተወሰኑ ዓመታት ያገለግላል። ኦኒዙካ ያለፈው በዚህ በር ነው። በጥር 1970 አየር ኃይሉን ሲቀላቀል በእጁ የነበረው ጠመንጃ ሳይሆን የማስተርስ ዲግሪ ነበር ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ የተመደበው ካሊፎርኒያ፣ ሳክራሜንቶ አጠገብ በነበረው ማክሌላን የአየር ኃይል ሰፈር ነው። ማክሌላን አውሮፕላኖች የሚጠገኑበትና የሚሻሻሉበት ትልቅ ቦታ ነበር። እዚያ ኤፍ-100፣ ኤፍ-105፣ ኤፍ-111 እና ሌሎች አውሮፕላኖች ላይ ሠርቷል። የቬትናም ጦርነት ዘመን ነው፤ ሥራ አይጠፋም። ከሙከራው ጎን ለጎን የያዘው ሥራ የሲስተም ደህንነት ምህንድስና ይባል ነበር። ስሙ ይከብዳል እንጂ ጥያቄው ቀላል ነው። ይህ ዕቃ ቢበላሽ ምን ይከተላል? ብልሽቱን ማን ያየዋል? ሲበላሽ ተክቶ የሚሠራ ሌላ አለ ወይ? አንድ ሰው ከአራት ዓመት በላይ እንዲህ እየጠየቀ ሲኖር አስተሳሰቡ ይለወጣል።

በ1974 አየር ኃይሉ ወደ ሙከራ አብራሪዎች ትምህርት ቤት ላከው። ትምህርት ቤቱ ያለው ሞሃቬ በረሃ ውስጥ፣ ኤድዋርድስ በተባለው ሰፈር ነው። የደረቀ ሐይቅ፣ ፀሐይ፣ ረጅም ማኮብኮቢያ። ስሙ የአብራሪዎች ይሁን እንጂ ኢንጂነሮችም አብረው ይማራሉ። ኮርሱ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሲጨርስ እዚያው አስቀሩት። አስተማሪ ሆነ፤ ትምህርት ቤቱና የሙከራ ማዕከሉ በሚጠቀሙባቸው አውሮፕላኖች ላይ የሚደረጉ የሙከራ ማሻሻያዎችን ይቆጣጠር ነበር።

የሙከራ ኢንጂነር ውሎ ምን ይመስላል? ባለ ሁለት መቀመጫ ቲ-38 ጀት እናስብ። ፊት ያለው አብራሪው ነው። ኢንጂነሩ ከኋላ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ ካርድ ታስሯል። ካርዱ ላይ ከፍታ፣ ፍጥነትና የሚደረገው እንቅስቃሴ በተራ በተራ ተጽፏል። አብራሪው በተባለው ፍጥነት ልክ ይይዛል። ኢንጂነሩ መሣሪያዎቹን ያያል፣ ቁጥሩን ይመዘግባል። ፍጥነቱ ትንሽ ካለፈ ያ ሙከራ አይቆጠርም፣ ይደገማል። ካርዱ የሚጀምረው ከማያሰጋው ነው። ከዚያ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ፈጠን ይላል። ወደ ጠርዙ በአንድ ዝላይ አይኬድም።

ከሁሉም በላይ አንድ ሕግ አለ። እያንዳንዱ እርምጃ ከመወሰዱ በፊት ውጤቱ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ በስሌት ይተነበያል። የታየው ከተተነበየው ጋር ካልገጠመ ወደሚቀጥለው እርምጃ አይታለፍም። አውሮፕላኑ በሰላም ማረፉ ብቻውን መልስ አይሆንም። “ለምን አልገጠመም?” የሚለው መጀመሪያ ይመለሳል። ይህን ሕግ ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ወታደር ናሳ ሲገባ ምን ይሆናል?

ናሳ በ1978 መጀመሪያ 35 አዳዲስ ጠፈርተኞችን መረጠ። ያመለከተው ከ8,000 ሰው በላይ ነበር። ያ ቡድን ታሪክ ሠርቷል። የመጀመሪያዎቹ አሜሪካውያን ሴት ጠፈርተኞች፣ ጥቁር አሜሪካውያንና አንድ የእስያ ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ነበሩበት። የመጨረሻው ኦኒዙካ ነው።

ምርጫው ሁለት በር ነበረው። አንደኛው ለአብራሪዎች ነው፤ ቢያንስ 1,000 ሰዓት ጀት ያዘዘ ሰው ይጠይቃል። ሁለተኛው ስፔስ ሸትል የሚባለው አዲሱ መንኮራኩር ይዞት የመጣ ነው፤ የተልዕኮ ስፔሻሊስት ይባላል። ሸትል ሰባት ሰው ይጭን ነበር፣ ሳተላይት ይጭን ነበር፣ ክንድ የመሰለ ክሬን ነበረው። ሁሉም አብራሪ ቢሆን ዕቃውን ማን ያወርዳል? ለዚህ የሚፈለገው ኢንጂነር፣ ሳይንቲስት፣ ሐኪም ነው። ኦኒዙካ በዚህ በር ገባ።

ብዙ ሰው የሚምታታበት ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ናሳ የሲቪል መሥሪያ ቤት ነው። መኮንኑ ናሳ ሲገባ ከአየር ኃይል ለቀቀ ማለት ነው? አይደለም። የእግር ኳስ ተከታታዮች ቶሎ ይገባችኋል፦ በውሰት ነው የሚሄደው። ተጫዋቹ ለሌላ ክለብ ይጫወታል፤ ውሉ ግን የአሳዳጊ ክለቡ ነው። ወታደሩ ጠፈርተኛም ደመወዙ፣ ዕረፍቱ፣ ጥቅማ ጥቅሙ በወታደርነቱ ይቀጥላል። የማዕረግ ዕድገቱም አይቆምም። ኦኒዙካ ናሳ የገባው በሻምበልነት ነው፤ በ1986 ሌተናል ኮሎኔል ሆኖ ነበር። የዕለት ሥራውን የሚሰጠው ግን ናሳ ነው።

መንኮራኩሩ ውስጥ ደግሞ ትዕዛዝ የሚሰጠው በማዕረግ የሚበልጠው ሳይሆን ናሳ አዛዥ ብሎ የመደበው ነው። የቻሌንጀር አዛዥ ፍራንሲስ ስኮቢ ከአየር ኃይል ለቆ ሲቪል ሆኖ ነበር። በሱ ሥር የአየር ኃይል ሌተናል ኮሎኔልና የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ። ማንም ቅር አላለውም፤ አሠራሩ ነው።

ውሰቱ ዛሬም አለ። ማይክ ሆፕኪንስ የአየር ኃይል የበረራ ሙከራ ኢንጂነር ነበር፤ ልክ እንደ ኦኒዙካ። በ2020 የስፔስኤክስን ክሩ-1 ጉዞ በአዛዥነት መርቷል። በሸትል ዘመን አዛዥ የሚሆነው አብራሪ ብቻ ነበር። ሆፕኪንስ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ፣ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ እየተንሳፈፈ፣ ከአየር ኃይል ወደ አዲሱ የአሜሪካ የጠፈር ኃይል ተዛውሯል። አሳዳጊ ክለቡን የቀየረው አየር ላይ ሆኖ ነው ማለት ነው።

የምስጢሩ ጉዞ

ናሳ ገባ ማለት ወዲያው ተነሳ ማለት አይደለም። ኦኒዙካ ሰባት ዓመት ጠብቋል። የሸትልን ሶፍትዌር በላቦራቶሪ ፈትኗል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት የሸትል ጉዞዎች ፍሎሪዳ ላይ ሆኖ ለማስወንጨፉ ድጋፍ ሰጥቷል። ሰው የሚያጨበጭብለት ሥራ አይደለም፤ የጠፈርተኛ ሕይወት አብዛኛው ግን ይኸው ነው።

ተራው የደረሰው በጥር 1985 ነው። ጉዞው ኤስቲኤስ-51ሲ ይባላል፤ መንኮራኩሯ ዲስከቨሪ። ሙሉ በሙሉ ለመከላከያ ሚኒስቴር የተደረገ የመጀመሪያው የሸትል ጉዞ ነው። ለወትሮው ናሳ ሁሉን በቴሌቪዥን ያሳያል። ያኔ ግን የሚነሳበት ትክክለኛ ሰዓት እንኳ ሊወነጨፍ ዘጠኝ ደቂቃ እስኪቀረው አልተነገረም። ከጠፈርተኞቹ ጋር የተደረገው ንግግር አልተላለፈም። ምን እንደጫኑ በይፋ አልተነገረም።

ወታደሩ በናሳ መንኮራኩር ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። ነገሩ ከመሠረቱ አብሮ ነው። ሸትል ሲነደፍ የጭነት ክፍሉ 18 ሜትር ያህል ርዝመት፣ 4.5 ሜትር ያህል ስፋት እንዲኖረው ያደረገው የአየር ኃይሉ ፍላጎት ነው። ትልልቅ የስለላ ሳተላይቶቹን ለመጫን። የክንፉም ቅርጽ የሰፋው በአየር ኃይሉ ፍላጎት ነው። አየር ኃይሉ ባይደግፈው ኖሮ በጀቱን ማስጸደቅ ይከብድ ነበር።

ኦኒዙካ በዚያ ጉዞ የዋናው ጭነት ኃላፊ ነበር። ሸትል የሚደርሰው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ነው። አንድ ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል እየዞረ አንድ ቦታ ላይ የቆመ እንዲመስል ግን 36,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ መውጣት አለበት። ልዩነቱን የሚሸፍን ሌላ ሮኬት ያስፈልጋል። ያ ሮኬት አይዩኤስ ይባላል፤ አየር ኃይሉ ያሠራው ባለ ሁለት ደረጃ ሮኬት ነው። ሳተላይቱን ጀርባው ላይ አድርጎ ከሸትል ሆድ ይወጣል፣ መንኮራኩሯ ትርቃለች፣ ከዚያ ይለኮሳል። ሸትልን አውቶቡስ ካላችሁት አይዩኤስ ከመናኸሪያው እስከ ቤት የሚያደርሰው ላዳ ታክሲ ነው። የኦኒዙካ ሥራ ይህ ወጪና ወራጅ ያለ ስህተት እንዲካሄድ ማድረግ ነበር።

አብሮት ጋሪ ፔይተን የሚባል ሌላ የአየር ኃይል ኢንጂነር ነበር። እሱ በውሰት የሄደ አይደለም። አየር ኃይሉ ምስጢራዊ ጭነቱን የሚከተሉ የራሱን ኢንጂነሮች ለብቻው አሠልጥኖ ነበር፤ ከነሱ አንዱ ነው። በመላው ፕሮግራሙ ለመብረር የበቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንድ መንኮራኩር ውስጥ ሁለት የአየር ኃይል ኢንጂነሮች፤ አንዱ ለናሳ የሚሠራ፣ አንዱ ለአየር ኃይሉ።

ጉዞው ሦስት ቀን ወሰደ። ምድርን 48 ጊዜ ዞረው ጥር 27 በሰላም አረፉ።

ቀለበቱ

ያ ጉዞ አንድ ቀን ዘግይቶ ነበር የተነሳው። ምክንያቱ ብርድ ነው። ፍሎሪዳ በዚያ ሰሞን ባልተለመደ ሁኔታ ቀዝቅዛ ነበር።

ሸትል ሲነሳ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም ነጭ ሮኬቶች አሉት። ጠጣር ነዳጅ ነው የሚያቃጥሉት። የሚሠሩት ዩታ ውስጥ ነው፤ በባቡር ስለሚጓዙ በቁርጥራጭ ይመጡና ፍሎሪዳ ላይ ይገጣጠማሉ። በየመገጣጠሚያው እሳት እንዳያፈተልክ ሁለት የጎማ ቀለበቶች አሉ። መካኒኮች ኦሪንግ የሚሉት ነው። ዙሪያው ከአሥር ሜትር በላይ፣ ውፍረቱ ግን አንድ ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ቤት ውስጥ የምታውቁት ወንድሙ የፕሬዠር ድስት ክዳን ጎማ ነው። ጎማው ሲያረጅና ሲደርቅ ምን እንደሚሆን የምስር ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቃል። በጎን ይተነፍሳል።

ጎማን የሚያደርቀው እርጅና ብቻ አይደለም፤ ብርድም ነው። ሮኬቱ ሲለኮስ መገጣጠሚያው በሰከንድ ሽርፍራፊ ትንሽ ይከፈታል። ጎማው ተለጥጦ ክፍተቱን መሙላት አለበት። የቀዘቀዘ ጎማ ግን ሰነፍ ነው፤ እስኪነቃ እሳቱ ይቀድመዋል።

ሮኬቶቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ በጃንጥላ ባሕር ላይ ይወርዳሉ፣ በመርከብ ይለቀማሉ፣ ይፈታሉ። ከኦኒዙካ ጉዞ በኋላ የፈቷቸው ኢንጂነሮች ያዩት አስደነገጣቸው። በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ያለው ግሪስ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። ትኩስ ጋዝ የመጀመሪያውን ቀለበት አልፎ ነበር ማለት ነው። በዚያ ቀን የመገጣጠሚያው ሙቀት 12 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ እንደነበር ተሰልቷል፤ እስከዚያ ከተደረጉት ጉዞዎች ሁሉ ቀዝቃዛው። ያዳናቸው ሁለተኛው ቀለበት ነው። እነ ኦኒዙካ ላይ ሆነው ይህን አያውቁም።

የኤድዋርድሱን ሕግ አስታወሳችሁ? በንድፉ መሠረት ጋዝ እዚያ ጨርሶ መድረስ አልነበረበትም። የታየው ከተተነበየው ጋር አልገጠመም። ሙከራ ቢሆን ካርዱ እዚያ ላይ ይቆም ነበር። ሸትል ግን ከሙከራ ወጥቶ መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል ተብሎ ታውጇል፤ ፕሮግራሙ የተጨናነቀ ነው፣ ደንበኛው ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ የተነሱት ሁሉ በሰላም ስላረፉ ጥላሸቱ እንደ ተለመደ ነገር መታየት ጀመረ። ለኔ ከጠቅላላው ታሪክ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ አደጋው አስቀድሞ ፊርማውን ትቶ ነበር።

አንድ ዓመት አለፈ። ኦኒዙካ ለሁለተኛ ጊዜ ተመደበ፣ በቻሌንጀር። ጭነቱ የናሳ የመገናኛ ሳተላይት ነው፣ የሚያወጣውም ያው አይዩኤስ። በተጨማሪ በዚያ ሰሞን ወደ ፀሐይ የቀረበውን የሃሌይን ጅራታም ኮከብ ሊቀርጽ ካሜራ ተዘጋጅቶለት ነበር።

ጥር 27 ቀን 1986 ማታ ቀጣዩ ጠዋት በጣም እንደሚቀዘቅዝ ታወቀ። ሮኬቱን የሚሠራው የሞርተን ታይኮል ኢንጂነሮች በስልክ ስብሰባ ከናሳ ጋር ተቀመጡ። ማስረጃቸው የኦኒዙካ የመጀመሪያ ጉዞ ነበር። ከዚያ ቀን ሙቀት በታች አናስነሳ አሉ። የናሳ ኃላፊዎች አልተዋጠላቸውም። ክርክሩ ሲጠና አንድ የኩባንያው አለቃ የምህንድስናውን ኃላፊ የኢንጂነር ኮፍያህን አውልቅና የሥራ አስኪያጅ ኮፍያህን አድርግ አለው። ይህ በምርመራው የተነገረ ነው። ኩባንያው ሐሳቡን ቀየረ። ለጠፈርተኞቹ ስለ ክርክሩ የነገራቸው የለም።

ጠዋት ማስወንጨፊያው ላይ በረዶ ተንጠልጥሎ ነበር። 5:38 ላይ፣ በእኛ አቆጠራ ከቀትር በፊት፣ ቻሌንጀር ተነሳች። አየሩ 2 ዲግሪ ነው። ኦኒዙካ ላይኛው ክፍል፣ ከረዳት አብራሪው ማይክል ስሚዝ ጀርባ ተቀምጧል። በ73ኛው ሰከንድ ሁሉም አበቃ። ሰባቱም ሞቱ።

በኋላ በተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን በካሜራ ፊት የዚያን ጎማ ቁራጭ በመቆንጠጫ ጨምቆ በረዶ ውሃ ውስጥ ነከረው። አውጥቶ ሲለቀው ጎማው ወዲያው ወደ ቅርጹ አልተመለሰም። ለዚያ ማሳያ ያስፈለገው አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው።

አየር ኃይሉ በውሰት የሰጠውን ሰው በኮሎኔልነት ማዕረግ ቀበረው፤ ዕድገቱ ከሞተ በኋላ የተሰጠው ነው። መቃብሩ ሆኖሉሉ፣ ፐንችቦውል በሚባለው የጦር ሰዎች መካነ መቃብር ይገኛል። ወታደራዊ ሳተላይቶች ይታዘዙበት የነበረው የሰኒቬል የአየር ኃይል ጣቢያ በስሙ ተጠራ። ያ ጣቢያ በኋላ ተዘግቷል። የኮና አውሮፕላን ማረፊያ ግን ዛሬም የሚጠራው በስሙ ነው።

ከባሕሩ የተለቀመው ስብርባሪ ውስጥ አንድ የእግር ኳስ ነበር። ሂዩስተን አጠገብ ያለው የክሊር ሌክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን ለኦኒዙካ የሰጠው ነው፤ ልጁ በቡድኑ ውስጥ ትጫወት ነበር። ተጫዋቾቹ ፈርመውበታል። ኳሱ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰና ለዓመታት በመስታወት ውስጥ ተቀመጠ። ከዚያ ልጁ እዚያው የሚማርለት ሼን ኪምብሮ የሚባል ጠፈርተኛ ከትምህርት ቤቱ የሚወስደው ማስታወሻ ሲፈልግ ኳሱን ሰጡት። በ2017 ኳሱ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ መስኮት ፊት ሲንሳፈፍ ፎቶ ተነሳ። ፊርማዎቹ ደብዝዘዋል፣ ቆዳው ቢጫ ሆኗል። ከጉዞው በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሷል።